የወፎች የጅምላ ሞት በጅማ ዳርቻ፦ የአንድ ምርመራ የጉዳይ ጥናት

## ጉዳዩ በአጭሩ

በሚያዝያ፣ በቆሎ በሚዘራበት ሰሞን፣ ከጅማ ከተማ ዳርቻ ባለ አንድ ሰፈር ወፎች በየጓሮው፣ በአጥር ሥርና በመንገድ ዳር ሞተው ይገኙ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የተለቀመው በድን ብቻ ከ70 በላይ ነው፤ ሌሊት ጅብና ውሻ የወሰደው አይቆጠርም። ከዚያ ሞቱ ቆመ ተባለ። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ግን ተመለሰ፤ በዚህኛው ዙር የሞቱት ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ የተለዩ ወፎች ነበሩ።

ላቦራቶሪው የረዳው በሽታ አለመሆኑን በማሳወቅ ነው። መንስኤው የተገኘው ከዚያ በፊት በሰፈሩ ውስጥ፣ የትኛው ወፍ ሞተ፣ የትኛው ተረፈ፣ የሞተው ምን በልቶ ነበር የሚሉትን ጥያቄዎች ተከትሎ በመሄድ ነበር። ጉዳዩ የተመዘገበውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ወፍ በጅምላ ሲሞት ብዙ ጊዜ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነውና። ናሙና ይላካል፣ መልስ ይጠበቃል፣ መልሱ እስኪመጣ በድኑ ይበሰብሳል፣ ዝናቡም ማስረጃውን ያጥባል።

ሰዎቹም ቀበሌውም በስም አይጠቀሱም። ወፎቹን የገደለውን የተባይ መድኃኒት የተጠቀሙት አባወራ ያደረጉት ነገር በአካባቢው የተለመደ ነው፤ ጣት መቀሰር ለምርመራውም አይጠቅምም።

## ሰፈሩና ወቅቱ

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ላይ ያለች፣ ዝናብ የማይርቃት ከተማ ናት። ሰፈሩ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ነው። ቤቶቹ በቡናና በጫት መካከል ተሰባጥረዋል፤ ከጀርባቸው ባሕር ዛፍ አለ፤ ከዚያ ወዲያ በበሬ የሚታረስ የበቆሎ ማሳ ይቀጥላል። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሰፈሩን አቋርጦ ወደ ረግረጉ ይወርዳል። ጉማሬ የሚታይበት የቦዬ ረግረግም ሩቅ አይደለም፤ ብዙ የውሃ ወፍ አለበት።

ሚያዝያ ላይ ሦስት ነገሮች ይገጣጠማሉ። የጎተራ እህል እየሳሳ ስለሚሄድ ወፍ ከየደጁ የሚለቅመው ፍሬ ይቀንሳል። ማሳው ላይ ደግሞ ዘር ይወርዳል። ዝናቡ ሲጀምር መዥገር ስለሚበዛ ከብት የሚረጭበት ጊዜም ነው። ሦስቱም በዚህ ጉዳይ ውስጥ ድርሻ ነበራቸው።

## ሰፈሩ ምን አለ

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የወፍ ጉንፋን ነበር። በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ገባ የሚል ሥጋት ተናፍሶ የዶሮ ገበያ የቀዘቀዘበትን ጊዜ ብዙ ሰው ያስታውሳል፤ በኋላ ምርመራው አይደለም ቢልም ፍርሃቱ ከወሬው ይልቅ ቆየ። ሁለተኛው ጥርጣሬ ከሰፈሩ በላይ ያለው የሞባይል ማማ ነበር። ሦስተኛው ውሃው ተመርዟል የሚል ነው። የፈጣሪ ቁጣ ነው ያሉም አልጠፉም።

የወሬው ጉዳት ወሬ በመሆኑ ብቻ አልነበረም። ዶሮዋ ክንፏን ስትጥል ያየ ሰው ሳትሞት ቢላ ያነሣል፤ ካልሆነም ቶሎ ገበያ ያወጣታል። በሽታ ከሆነ ገበያው ላይ ይሰራጫል፤ መርዝ ከሆነ ደግሞ ድስት ውስጥ ይገባል። ቀበሌው በድምፅ ማጉያ «የታመመ ዶሮ አትብሉ» ብሎ ቢያስነግርም በምትኩ ምን ይደረግ የሚለውን አላከለም። በማግስቱ ለገበያ የወጣው ዶሮ ከወትሮው በዛ።

## ከመንካት በፊት፦ ማን ሞተ፣ ማን ተረፈ

በቦታው የተሰማሩት የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ አንድ የእንስሳት ሐኪምና ወፍ ለይተው የሚያውቁ ሁለት የባዮሎጂ መምህራን ነበሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው አንድ ወረቀት ላይ የሰፈሩን ንድፍ ሥሎ እያንዳንዱ በድን የወደቀበትን ቦታ ማመልከት ነበር። ጎን ለጎን ሦስት ዓምድ ያለው ዝርዝር ተሠራ፦ የወፉ ዓይነት፣ ምን እንደሚበላ፣ ሞቶ ስለመገኘት አለመገኘቱ።

ዝርዝሩ በአንድ ጠዋት ብዙ ነገር ዘጋ። ከሞቱት የሚበዙት ዋኖሶች ነበሩ፤ ቀጥሎ ርግብ፣ ጥቂት ቆቅና በሁለት ቤት ያሉ ልቅ ዶሮዎች። ሁሉም መሬት ላይ ፍሬ የሚለቅሙ ናቸው። አበባ የሚቀስሙት ትናንሽ ወፎች፣ ፍራፍሬ በሎቹና በበረራ ላይ ነፍሳት የሚይዙት በዚያው ዛፍ ላይ በሕይወት ነበሩ። ረግረጉ ላይ ያሉት ዳክዬዎችና ረጃጅም የውሃ ወፎችም ደህና ነበሩ።

የወፍ ጉንፋን ከዱር ወፍ ጋር ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በውሃ ወፎችና እነሱን በሚበሉት ላይ ነው። ረግረጉ ጤነኛ ሆኖ ጓሮው ሲያልቅ ጥርጣሬው ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ቦቱሊዝም የሚባለው፣ በሞቃት ረግረግ ውስጥ በበድንና በትል አማካይነት የሚዛመተው መመረዝም የውሃ ወፍ ጉዳይ ነው፤ አንገታቸው እንደ ጨርቅ ይልፈሰፈሳል። ፈንግል ደግሞ ዶሮም ርግብም ይገድላል፤ ዋኖስንም አይምርም። ስለዚህ በዚህ ደረጃ ላይ ከዝርዝሩ መሠረዝ ያልቻለው ዋናው በሽታ ፈንግል ነበር።

ማማውን ለማስወገድ የበድኖቹ አቀማመጥ በቂ ነበር። በማማው ሥር አንድም ወፍ አልወደቀም፤ አብዛኛው የወደቀው ከበቆሎ ማሳው በኩል ባለው ጠርዝ ነው። ማማና ሽቦ ወፍ አይገድሉም ማለት አይደለም። ሲገድሉ ግን በግጭት ነው፤ ግጭት ደግሞ የተሰበረ አጥንት፣ የፈሰሰ ደም ይተዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የመጨረሻ ሌሊት በአሜሪካ አርካንሳስ፣ ቢቢ በምትባል ከተማ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ወፎች ከሰማይ ሲወርዱ ዓለም ጉድ አለ። ምርመራው ያገኘው በርችት ተደናግጠው በጨለማ ተነሥተው ከቤትና ከዛፍ ጋር ተላትመው የደረሰባቸውን የውስጥ ጉዳት ነው። በረዶም እንዲሁ ጭንቅላትና ክንፍ ይሰብራል። በዚህ ሰፈር ከተመረመሩት በድኖች ግን አንድም የተሰበረ አልተገኘም።

ጎረቤቶች ተጠይቀው ከተጻፈው ወረቀት ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ወጣ። በድን የሚገኘው ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜና አመሻሽ ላይ ነበር፤ ወፍ የሚለቅምበት ሰዓት ነው። በሽታ ሰዓት አይጠብቅም።

## በድኑን ማንሣት

በሽታ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እያንዳንዱ በድን የወፍ ጉንፋን እንዳለበት ተቆጥሮ ነው የተነሣው። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንት፣ ጓንት ያላገኘ ሰው ደግሞ ሁለት ፌስታል በእጁ ላይ አጥልቆ በድኑን ጨብጦ ፌስታሉን በላዩ ይገለብጠዋል። ከዚያ በሳሙና መታጠብ። ልጆች በወንጭፍ የጣሉትን ወፍ ከበድኖቹ ጋር ሊቀላቅሉ ስለሚችሉም ማን ምን እንዳመጣ ተጽፏል። አንድ ሁለት እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ ደረታቸው ላይ ያለው ቁስል አጋለጣቸው።

አዲስ የሞተና የቆየ ተለየ። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሆዱ አረንጓዴ የመሰለ፣ ላባው በቀላሉ የሚነቀል በድን ለምርመራ አይረባም። ተፈላጊው ዓይኑ ገና ያልጎደጎደ፣ ለብ ያለ ወይም ገና የደነደነ ነው። ለመመርመር ስድስት ያህል ትኩስ በድን ይበቃል፤ አንድ ጆንያ የበሰበሰ በድን ማጓጓዝ ትርፉ ሽታ ነው።

## ገና ያልሞተች ዋኖስ

ከበድን ሁሉ ይልቅ ብዙ የነገረችው በሕይወት የተያዘች አንዲት ዋኖስ ነበረች። መሬት ላይ ደረቷን አስደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ ስትነካ ለመብረር ሞክራ ክንፏ ተንቀጠቀጠ። ከአፏ ቀጭን ለሃጭ ይወርዳል፤ ዓይኗ ያለቅሳል፤ የዓይኗ ብሌን ጠብቦ የስፒል ራስ አክሏል። የእግሯ ጣቶች እንደ ጡጫ ተጨብጠዋል። ትንፋሿ እየከበደ ሄዶ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሞተች።

ለሃጭ፣ እንባ፣ መንቀጥቀጥ፣ የጠበበ ብሌንና የተጨበጠ እግር አንድ ላይ ሲመጡ በነርቭ ላይ የሚሠራ ፀረ ተባይን ያመለክታሉ፤ ኦርጋኖፎስፌት ወይም ካርባሜት የሚባሉትን። እነዚህ መድኃኒቶች ኮሊንኤስተሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ያግዳሉ፤ ነርቭ የሰጠውን ትእዛዝ የሚያጠፋው ጠፍቶ ጡንቻ ሳያቋርጥ ይሠራና በመጨረሻ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይሽመደመዳሉ። ፈንግል የያዘው ወፍም ይንቀጠቀጣል፤ አንገቱ ግን ይጠመዘዛል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ይታይበታል፣ ብዙ ጊዜም ለቀናት ከስቶ ነው የሚሞተው። ይህች ዋኖስ ደረቷ ሙሉ ነበር፤ አልከሳችም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በድን የበላ አንድ ውሻ አረፋ እየደፈቀ፣ እየተንቀጠቀጠ ተገኘ። የእንስሳት ሐኪሙ የወሰደው እርምጃ ለሌሎችም ይጠቅማል። መጀመሪያ የዚህ ዓይነት መርዝ ማርከሻ የሆነውን አትሮፒን ለሙከራ በኪሎ 0.02 ሚሊ ግራም በደም ሥር ሰጠ። ጤነኛ ውሻ ወይም በሌላ ነገር የታመመ ውሻ ይህ መጠን ብቻ አፉን ያደርቀዋል፣ ልቡን ያፈጥነዋል። ይኼኛው ምንም አልተለወጠም፤ ለሃጩም ቀጠለ። ያ ራሱ የመመረዙ ማስረጃ ነው። ከዚያ የሕክምናው መጠን፣ በኪሎ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ሩቡ በደም ሥር፣ የቀረው በጡንቻ ተሰጥቶ ለሃጩ ቆመ። ውሻው ተረፈ።

## በድኑን መክፈት

የከፈቱት ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ ደጅ ላይ ነው። ለአይጥ የሚቀመጠው ዚንክ ፎስፋይድ በጨጓራ ውስጥ ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይለቃል፤ ቤት ዘግቶ ሆድ የከፈተ ሰው ራሱ ሊመረዝ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ ከመጣ ሥራውን አቁሞ መራቅ ያስፈልጋል። እዚህ እንዲህ ያለ ሽታ አልነበረም። ጉሮሮ ሥር ያለው የእህል ከረጢት ሲሰነጠቅ የመጣው ከብት የተረጨበት በረት የሚሸተው ሽታ ነበር፤ ከብት ያረባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው።

ከረጢቱ በበቆሎ ሞልቷል። ፍሬዎቹ ሙሉ ናቸው፣ አልተፈጩም፤ ላያቸው ቅባት እንደነካው ያብለጨልጫል። የተዘጋጀ ምርጥ ዘር በተለምዶ በቀይ ወይም በሮዝ ቀለም ይለያል፤ ይህ ግን ቀለም የለውም። ሰው ለመኖ የበተነው ተራ እህል ከሆነ ደግሞ ይህ ሽታ ከየት መጣ? የቀረው አማራጭ አርሶ አደሩ ራሱ ቤት ውስጥ ያሸው ዘር ነው።

ፈንግልን የሚጠረጥር ሰው ከመፍጫው ጨጓራ በፊት ባለው ክፍል ላይ የደም ነጠብጣብ ይፈልጋል። አልነበረም። ርግብና ዋኖስን የሚገድለው ሌላው የተለመደ በሽታ በጉሮሮ ውስጥ አይብ የመሰለ ቢጫ ነገር ይከምራል፤ እሱም አልነበረም። ጉበትና አንጀት ደህና ነበሩ። ሙሉ የእህል ከረጢት ይዞ የሞተ፣ ያልከሳ፣ የውስጥ አካሉ ንጹሕ የሆነ ወፍ በፍጥነት የሚሠራ መርዝን ያስጠረጥራል።

## ማሳው

ንድፉ ላይ በድኖቹ የተከማቹበት ጠርዝ ወደ አንድ ማሳ ይወስድ ነበር። ማሳው በበሬ ታርሶ በቆሎ ተዘርቶበታል። ትልሙ መካከል ያለው ፍሬ በሚቀጥለው ትልም አፈር ተሸፍኗል፤ በሬው በሚዞርበት በሁለቱ ጫፍ ግን ፍሬ አፈር ላይ ተርከፍክፎ ይታያል። ከማሳው ዳር ባለው ግቢ ደግሞ የተረፈው ዘር ሸራ ላይ ተሰጥቶ እየደረቀ ነበር። በሸራው ዳር የዋኖስ ዱካ አለ።

አባወራው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጥያቄው በወቀሳ ቢጀመር መልሱ ዝምታ ይሆን ነበር።

«አባባ፣ ዘሩን ምን ቀቡት?»

«ለላሞቹ የምንረጨውን ነው። ቁራውና ዋኖሱ እየነቀለ አስቸገረና።»

«የመዥገሩን?»

«አዎ ልጄ። ላም ያልገደለ መድኃኒት ወፍ ይገድላል ብዬ በምን ልቤ ላስብ?»

መድኃኒቱ ከገበያ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የተገዛ ነው። ጽሑፍ የለውም። ሻጩ ያለው «ዲያዚኖን 60» ነው፤ ሽታውና ውሃ ሲነካው ወተት መምሰሉም ከዚያ ጋር ይስማማል። ለ25 ኪሎ ዘር አንድ ሲኒ ተለክቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ በእጅ ታሽቷል፤ ያለ ጓንት።

የአባወራው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የጉዳዩ ቁልፍም እሱ ነው። ዲያዚኖን በአጥቢ እንስሳትና በወፍ ላይ እኩል አይሠራም። አይጥን ለመግደል በኪሎ ክብደት በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ግራም ያስፈልጋል፤ ለዳክዬና ፌዛንት ለሚባለው የዱር ዶሮ ግን ከተፈተኑት ግማሹን የገደለው መጠን በኪሎ አራት ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የወፍ ደም መርዙን የሚሰብረው ኢንዛይም በጣም ትንሽ ስላለው ነው። በአሜሪካ ጎልፍ በሚጫወቱበት ሣር ላይ ዲያዚኖን መርጨት የተከለከለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ ሣሩን የሚግጡ ዝይዎች በመንጋ እየሞቱ ስላስቸገሩ ነው።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። 60 በመቶ የሆነው ፈሳሽ በሊትር 600 ግራም ዋና መርዝ አለው። አንድ ሲኒ 70 ሚሊ ሊትር ቢሆን ወደ 42 ግራም ይይዛል። 25 ኪሎ በቆሎ፣ አንዱ ፍሬ 0.3 ግራም ቢመዝን፣ 83 ሺህ ያህል ፍሬ ነው። ስለዚህ በአንድ ፍሬ ላይ ግማሽ ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ ከሸራው ላይ የሚቀረው ቢቀነስም። 200 ግራም የምትመዝን ዋኖስን ለአደጋ የሚያደርሳት 0.8 ሚሊ ግራም ነው። ሁለት ፍሬ። በከረጢቷ ውስጥ የተገኘው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበር።

## የመጀመሪያው መፍትሔና ሁለተኛው ዙር

ሸራው ላይ ያለው ዘር ተለቅሞ በጆንያ ታሰረ። የማሳው ሁለት ጫፍ በመኮትኮቻ ተገልብጦ ፍሬው ከአፈር ሥር ገባ። በድኖቹ ከአንድ ሜትር በላይ በሚጠልቅ ጉድጓድ፣ ከምንጭና ከቦዩ ርቆ፣ ተቀብረው በላያቸው ድንጋይና እሾህ ተደረገ። ይኼ ለጅማ ጅብ የግድ ነው፤ ድንጋይ የሌለው ጉድጓድ እስከ ንጋት አይቆይም። የዋኖስ ሞት በሁለተኛው ቀን ቆመ።

ዝናቡ ከጣለ በኋላ የሞቱት ድንቢጦችና ጅራታቸውን እያርገበገቡ በውሃ ዳር የሚመላለሱ ትል ለቃሚዎች ነበሩ። ምልክቱ ያው ነው፤ ለሃጭ፣ የተጨበጠ እግር። የእህል ከረጢታቸው ግን ባዶ ነው፤ ትል ለቃሚዋ በቆሎም አትበላም። ከቡድኑ አንዳንዶች በዚህ ጊዜ ወደ በሽታ መልሰው አዘነበሉ። መልሱ የተገኘው ያው ንድፍ እንደገና ሲሣል ነው። አዲሶቹ በድኖች ከማሳው ጫፍ ርቀው፣ ከበረቱ በታች ባለ አንድ ኩሬ ዙሪያ ተሰብስበዋል።

በረቱ አጠገብ ላሞቹ ይረጫሉ፤ በጀርባ የሚታዘለው መርጫም የዘሩ ገንዳም የታጠቡት እዚያው ነው። እጣቢው ደረቅ መሬት ላይ ሲፈስ ቆይቶ ዝናቡ ሲመጣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ተጠራቀመ። ዳር ዳሩ ላይ ነጣ ያለ ቅባት ይታይ ነበር። ወፎቹ የሞቱት ጠጥተውና ላባቸውን ታጥበው ነው፤ ይህ መርዝ በቆዳም ይገባል። ጠርሙሱ አንድ ነው፤ መንገዱ ሁለት።

ኩሬው ላይ ኖራ ይበተንበት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ማላታይን ለተባለው ሌላ ፀረ ተባይ ይህ ይሠራል፤ እንደ ኖራ ያለ አልካላይ ነገር ቶሎ ይሰብረዋል። ዲያዚኖን ግን በመጠኑ አልካላይ በሆነ ውሃ ውስጥ ግማሹ እስኪጠፋ ከሁለት ወር በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ኩሬው በደረቅ አፈር ተሞልቶ፣ ተደልድሎ፣ በቅርንጫፍ ተሸፈነ፤ ከበላዩም ጎርፉ ወደ ቦዩ እንዳይወርድ ትንሽ ክትር ተሠራ። ለወፎቹም ራቅ ብሎ ንጹሕ ውሃ በሰፌድ መሰል ጎድጓዳ ሣህን ተቀመጠ። ሞቱ ያቆመው ከዚህ በኋላ ነው።

## ያልሠራው

የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች በቅን ልቦና ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ገብተው ነበር። ፎርማሊን ሥጋን በማይክሮስኮፕ ለማየት ጥሩ ነው፤ ቫይረስን ይገድላል፣ የመርዝ ምርመራንም ያበላሻል። ሁለተኛው ስብስብ በትክክል ተይዞ በበረዶ ሣጥን ወደ ሰበታ፣ ወደ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሄደ። ለወፍ ጉንፋንና ለፈንግል የተደረገው ምርመራ ነጻ ነው የሚል መልስ ይዞ መጣ።

የአንጎል ኮሊንኤስተሬዝ ምርመራው ግን ፍሬ አላፈራም። የዚህ ምርመራ ውጤት ብቻውን አይነበብም፤ ከዚያው ዝርያ ጤነኛ ወፍ አንጎል ጋር መወዳደር አለበት። ከጤነኛው በ20 በመቶ ሲያንስ መጋለጥን፣ በ50 በመቶና ከዚያ በላይ ሲያንስ ለሞት የበቃ መመረዝን ያሳያል። ለማወዳደሪያ የሚሆን ጤነኛ ዋኖስ አልተያዘም ነበር። ስለዚህ መደምደሚያው የቆመው በከረጢቱ ይዘት፣ በምልክቱ፣ በውሻው የአትሮፒን ምላሽ፣ በበድኖቹ አቀማመጥና ምንጩ ሲዘጋ ሞቱ በማቆሙ ላይ ነው። ለፍርድ ቤት ይበቃል ለማለት ያስቸግራል፤ ሰፈሩን ለመታደግ በቂ ነው።

በቆሎውን አጥቦ ለዶሮ ወይም ለወፍጮ ማዋል ይቻላል ወይ ተብሎም ተጠይቋል። አይቻልም። ቅባትነት ያለው ፀረ ተባይ የፍሬውን ገለባ አልፎ ይገባል፤ ማጠቢያው ውሃም ሌላ ኩሬ ይሆናል። ጆንያው ተዘግቶ፣ ምልክት ተጽፎበት ለግብርና ባለሙያ ተሰጠ።

## ለሌላ ቦታ የሚጠቅም

ወፍ በጅምላ ሲሞት ከሁሉ በፊት ያልሞቱት ይጻፉ። ፍሬ በል ብቻ ሲሞት ወደ እህል፣ የውሃ ወፍ ብቻ ሲሞት ወደ ረግረግ፣ ጥንብ አንሳና ጭላት ሲሞቱ ደግሞ ለውሻ ወይም ለጅብ ወደተቀመጠ የተመረዘ ሥጋ ያመለክታል። ግሪሳ በአውሮፕላን በሚረጭበት ቆላ የረጨውን ቀንና ቦታ መጠየቅ ይቀድማል። ሁሉም ዓይነት ወፍ አንድ ሌሊት ላይ ተሰብሮ ከተገኘ በረዶ ወይም ግጭት ነው።

ሞቱ ቆሞ ከተመለሰ ንድፉን እንደገና መሣል ይገባል፤ የመጀመሪያውን ንድፍ ላይ መጨመር ሁለቱን ምንጮች ያደባልቃል።

ለከብት የተሠራ መድኃኒት ለዘር አይሆንም። ዘር መቀባት የግድ ከሆነ ቀለም ያለው፣ ለዘር ተብሎ የተመዘገበ ይሁን፤ ጫፍ ላይ የተረፈው ፍሬ በዚያው ቀን አፈር ይልበስ። መርጫ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ እጣቢው በተረጨው ማሳ ላይ ይበተን እንጂ በረት ሥር አይፍሰስ። ከዝናብ በፊት የታጠበ መርጫ ከዝናብ በኋላ ኩሬ ይሠራል።

ለሕዝብ የሚነገረው ማሳሰቢያ ትእዛዝ ሦስት ይሁን፦ የታመመ ዶሮ አይታረድም፣ አይሸጥም፣ ለእገሌ በዚህ ስልክ ይነገራል። «አትብሉ» ብቻውን ገበያውን ይሞላዋል።

ናሙናን በተመለከተ ሦስት ዕቃ ይበቃል። ለቫይረስ፣ ከጉሮሮና ከፊንጢጣ በጥጥ የተወሰደ ናሙና በማጓጓዣ ፈሳሽ ውስጥ፣ በበረዶ ሣጥን ቀዝቅዞ፣ ግን ወደ በረዶ ሳይለወጥ። ለመርዝ፣ ያልተከፈተ ራስ፣ ጉበትና የከረጢት ይዘት ለየብቻ በአልሙኒየም ፎይል ተጠቅልለው በፌስታል ውስጥ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ እስኪሆኑ። ለማይክሮስኮፕ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ያልበለጠ ቁራጭ ሥጋ ከመጠኑ አሥር እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን። ከነዚህ ጋር ከሰፈሩ ርቆ የተያዘ፣ የዚያው ዝርያ የሆነ አንድ ጤነኛ ወፍ አንጎል በዚያው መልክ ይሂድ። እያንዳንዱ ጥቅል ላይ ዝርያው፣ ቦታው፣ ሰዓቱና የምልክቱ ዝርዝር በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ በእርጥበት ይሰረዛል።